የአባባ ፆምና ትልቁ ሰማያዊ ክኒን

ሚያዝያ 7፣ ጧት 2፡30

ከፈትኩ። መስታወቱን ወለወልኩ። ጥጡ ተሰልፏል፣ ሽሮፑ ተሰልፏል፣ እኔም ከኋላቸው ተሰልፌ ቆሜአለሁ። አባባ አግዳሚው ላይ። መድኃኒት ቤቱን ያቋቋመው እሱ ነው፤ ፈቃዱ ግን በእኔ ስም፣ አ.አ. ተምሬ ስለመጣሁ። የሱ ሥራ አሁን ሰላምታ መስጠት ነው። ከእኔ ይልቅ ብዙ ገበያ ያመጣል።

የመጀመሪያው ደንበኛ አያ በላይ። ከአምባ ጊዮርጊስ፣ በጧቱ አውቶቡስ። ገበሬ ነው። አስም አለበት፣ እንደ አባባ። እንደ ሁልጊዜው ሰማያዊውን ክኒን ጠየቀ፣ እንደ ሁልጊዜው ትንሽ ብቻ ወሰደ። ውድ ነው። ለወር እንዲያደርስለት አንድ ቀን ይውጣል፣ አንድ ቀን ይዘላል፤ እጁ ሲያጥረው ደግሞ ለሁለት ይከፍለዋል። በዘለለው ቀን ምን እንደሚሆን አልጠይቀውም። ይታወቃል።

ነጩን አሳየሁት። ባለፈው ወር ከመንግሥት ማከፋፈያ የመጣ፣ የወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሥራ። ውስጡ ያው መድኃኒት ነው፣ መጠኑም ያው። የሰማያዊው ኩባንያ ብቻውን የመሥራት መብቱ ጊዜው አልፎበት አሁን ሌላውም ይሠራዋል፣ ለዚህ ነው የረከሰው። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ መለሰልኝ። «ምነው ልጄ፣ ጠመኔ ልታስውጭኝ ነው?»

ጠመኔ የሚለውን ወሬ ማን እንዳመጣው ዐውቃለሁ። በማኪና ነው የመጣው፤ በኩባንያው ወኪል፣ በአቶ ተስፋዬ ማኪና።

ቢሆንም ላመስግን። አባባ ዛሬ ከቤት እስከዚህ አንዴም ሳያርፍ መጣ። ሰማያዊው ስንት ዓመት ሙሉ አቁሞታል። ያጎረሰን እጅ አይነከስም።

ሚያዝያ 12፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ትናንት የክርስቲያኖቹ ፋሲካ። ጎረቤታችን ድፎ ላከችልን። አክስቴ ሩቅያ አንዴ ለመቅመስ ብላ ግማሹን ጨረሰችው። አክስቴ የአባባ ታናሽ እህት ናት፣ የቤታችን መንግሥት። የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ ሲያልፍ ኮፍያውን ያወልቅላታል።

ዛሬ አቶ ተስፋዬ መጣ። የሰማያዊው ኩባንያ ወኪል፣ ከአ.አ.። ክራቫቱ አቧራ ለብሷል። መጀመሪያ የቤንዚን ኩፖን ምሬት፣ ቀጥሎ የመንገዱ ምሬት፣ ከዚያ ቦርሳው ተከፈተ። የቀን መቁጠሪያ ለእኔ። ለአባባ እስክሪብቶ፣ የኩባንያው ስም ያለበት። አባባ ይወደዋል። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልጠላውም። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።

ስለ ጠመኔው ጠየቅኩት። ጆሮው ቀላ። ኩባንያው በሉ ያለውን ነው የምለው አለ። ነጩ ከመጣ ወዲህ አለቆቹ እንቅልፍ የላቸውም። መጀመሪያ ወሬ አስወሩ። ከዚያ ዋጋ ቀነሱ፣ ለአ.አ. ብቻ፤ ቅናሹ ዓባይን ተሻግሮ ጎንደር አልደረሰም። አሁን ሦስተኛውን መላ ይዞ መጥቷል። አዲስ ክኒን። ሰማያዊ ነው፣ ግን ትልቅ፣ የባቄላ ያህል። ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው። ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፣ በቃ። ይህን ሌላ ማንም እንዳይሠራው መብቱ ለብዙ ዓመት የነሱ ነው።

ስሚኝ እንግዲህ፣ ደብተሬ። አባባ ከአግዳሚው ተነሣ። ሁለት ጊዜ ብቻ? ሲያፈጥሩ አንድ፣ ጎህ ሳይቀድ ለሱሁር አንድ?

ጉዳዩ ለምን እንደሚነካው ልንገርሽ። ትንሹ ሰማያዊ በቀን ሦስቴ ነው፣ አንዱ ቀትር ላይ። አምና ረመዳንን ፆሞ የቀትሩን ዘለለ፣ ሳምንት ሳይሞላው ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ፆም የለም አለው። አባባ ያንን ቃል ዓመቱን ሙሉ እንደ ስድብ ይዞት ኖረ። ለማይችል ሰው መንገድ አለ፤ ለየቀኑ አንድ ድሃ ማብላት፣ ፊድያ። አባባ ግን ፊድያ የሽማግሌ ነው ይላል። ሰባን አልፏል።

አቶ ተስፋዬ ክርስቲያን ነው፣ ነገሩ ግን ወዲያው ገባው። አባባን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። ትልቁ ሰማያዊ ለሐጂ፣ ለአባባ ማለቱ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በስጦታ፤ ሱቃችን ደግሞ የጎንደር ብቸኛ ሻጭ ይሆናል። በምላሹ ነጩ ከመደርደሪያዬ ይውረድ። ነጩ ካለ ሰማያዊው አይመጣም፣ ትልቁም ትንሹም። ለጊዜው ለመሞከሪያ አንድ ሣጥን ተወልን። ወደ ደባርቅ ሄዶ ሲመለስ መልስ ይፈልጋል።

ተናደድኩ። አመሰገንኩም። ሁለቱም በአንድ አፍ።

ሚያዝያ 15፣ ማታ 12 ሰዓት

ነጩን አልደበቅኩትም። ከመደርደሪያ አውርጄ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጥኩት እንጂ። በካርቶንም ሸፈንኩት። እሺ፣ ደበቅኩት።

ለጊዜው ነው። አቶ ተስፋዬ እስኪመለስ። አባባ አንድ ረመዳን ይፁም፣ ከዚያ እናያለን። አንቺ ደብተሬ እንኳ አትቆጪኝም፣ ለዚህ ነው የምወድሽ።

ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ። አባባ ክኒን ሙሉውን ውጦ አያውቅም። ጉሮሮው ይመልሳል። በዕድሜው የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ አክስቴ በትንሿ የነሐስ ሙቀጫ ወቅጣ፣ ከትክል ድንጋይ በመጣ ማር ለውሳ ነው ያላሰችው። ጎረቤቱም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። መድኃኒት ይወቀጣል፤ በዚህ አገር ማን ሰው ሥራሥር እንዳለ ይውጣል?

ትልቁ ሰማያዊ ግን አይወቀጥም። ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው። ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ ነው የተሠራው፤ ከተፈጨ የግማሽ ቀኑ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይፈስሳል። አባባ እሺ አለ። አክስቴ ዝም አለች። አክስቴ ዝም ስትል አልወድም።

ስለዚህ ልምምድ። በተነከረ ሽምብራ። አባባ ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ውሃ ይጎነጫል፣ ሽምብራው ተመልሶ ይወጣል። አክስቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ማታ ላይ አንዱ ገባ። ጦር ሜዳ እንዳሸነፈ ሰው ተንጎራደደ። እኔም አጨበጨብኩ። እንዲህ ያለ አባት ስለሰጠኝ ተመስገን።

ሚያዝያ 21፣ ሲመሽ

ጨረቃ ታየች። ሰፈራችን አዲስ ዓለም ሁሉ ደጅ ወጣ። አባባ ከሁሉ ፊት። ነገ ፆመኛ ነኝ ብሎ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይናገራል።

ሚያዝያ 22፣ ማታ

ዋለ! ፆሞ ዋለ። የሌሊቱን ውጦ፣ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጦ፣ ሳያስል። ሲያፈጥር የመጀመሪያውን ተምር ለእኔ አጎረሰኝ። እንባዬ መጣ። የሆነ አገር፣ የሆነ ፋብሪካ፣ አባባን የማያውቅ ሰው ይህን ሠራ። ለገንዘብ ይሁን፣ ነጩን ለማሸነፍ ይሁን፣ ምን ገዶኝ። አላህ ይስጠው።

አቶ ተስፋዬን እሺ እለዋለሁ መሰለኝ።

ሚያዝያ 25፣ ከቀኑ 5 ሰዓት

አያ በላይ መጣ። ከንፈሩ ጠይሟል። ዘሎ ዘሎ ጨረሰው። ልጁ ናት የላከችው፤ ያን ርካሹን ሞክር ብላ ለምናው። ያን ጠመኔሽን አምጪው አለኝ፣ እየሣቀ፣ ሣቁ ሳል ሆነበት።

የለም አልኩት። አፌ ነው ያለው። ከባንኮኒው ሥር ነው፣ ከጉልበቴ አጠገብ። የለም አልኩት።

ከሰማያዊው የምችለውን ያህል በዱቤ ሰጠሁት። መርቆኝ ሄደ። ምርቃቱን መቀበል አቃተኝ። ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሚያዝያ 27፣ ጧት፣ ሆስፒታል

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

ትናንት ማታ። አባባ አፈጠረ። ተምር፣ ሾርባ። እኔ ዘግይቼ ነው የገባሁ። ብዙ አልቆየም፣ አስታወከ። ደግሞ አስታወከ። እጁ ተርገፈገፈ፣ መቀመጥ አልቻለም፣ መቆም አልቻለም። የደም ሥሩን ያዝኩ፤ ልቡ ይጋልባል፣ ልቆጥረው አልቻልኩም። መድኃኒት ዐዋቂ ነኝ እላለሁ፣ ቆሜ አባባ፣ አባባ ብቻ።

በሩ ተንኳኳ። አቶ ተስፋዬ። ከደባርቅ ቀድሞ ተመልሶ፣ መልሴን ሊሰማ። አንድ ቃል አልጠየቀም። አባባን አቀፈው፣ ተሸከመው፣ ማኪናው ውስጥ አስገባው። ያችን ለአ.አ. መመለሻ የቆጠባትን ቤንዚን ወደ ሆስፒታል ስንበር አቃጠላት።

ሐኪሙ ምን ወሰደ አለ። እኔ ስንተባተብ አቶ ተስፋዬ መለሰ፤ በአንዱ ክኒን ውስጥ ስንት እንዳለ፣ በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ፣ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ፣ ምንም ሳይደብቅ። ጆሮው አልቀላም። ከዚያ አክስቴ፣ ከኮሪደሩ ግድግዳ ተደግፋ፣ ተናገረች።

ወቅጣዋለች። ለካ ጉሮሮው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መልሶ እምቢ ብሎታል፤ ለእኔ እንዳትነግሪ ብሏታል፣ ፆሙን እንዳላስቀርበት። ትናንት አዘነችለት። የማታውንና የሱሁሩን አንድ ላይ ወቀጠች፤ ሌሊት ለሁለተኛ ሙቀጫ ምን ያስነሣል ብላ። በማር ለወሰች። አላሰችው። «ድንጋይ እንዳለ የሽማግሌ ሆድ ውስጥ ይቀመጥ? ልቤ እምቢ አለኝ፣ ዘሀራ» አለችኝ።

ሐኪሙ ሆዱን አጠበለት፣ የተፈጨ ከሰል በውሃ አጠጣው፣ ግሉኮስ ሰቀለለት። ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቡ አልተነሣም። አሁን ልቡ ረግቷል። ተኝቷል።

አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። ሌላ ቃል የለኝም። ለሐኪሙ፣ ለነርሷ፣ ለማኪናዋ። ለአቶ ተስፋዬ።

ሚያዝያ 28፣ ከሰዓት በኋላ

አባባ ነቅቷል። ደካማ ነው፣ ግን ሐኪሙን የማን ዘር ነህ ብሎ ጠይቆታል። ድኗል ማለት ነው።

አክስቴ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። አባባ እጇን ያዘ። ማሩ ግን ጣፋጭ ነበር አላት። ሣቀች፣ አለቀሰች።

እኔ አልተቆጣኋትም። በማን ልቆጣ? የወቀጠችው ስለምትወደው ነው፣ እናቷም ያሳየቻት እንዲሁ ነው። ያ ትልቅ ክኒን የተሠራው ብርጭቆ ውሃ ይዞ፣ ወረቀት አንብቦ፣ ግጥም አድርጎ ለሚውጥ ሰው ነው። የፋብሪካው ሰዎች ነጩን እንዴት እንደሚጥሉት ሲያስቡ የእኛን ሙቀጫ አላሰቡትም። ከየት ያውቁታል?

ከዚያ አያ በላይ ትዝ አለኝ። ትልቁን ሰማያዊ ብቻዬን ብሸጥ፣ ነጩን ብጥል፣ አያ በላይ ምን ያደርግ ነበር? ለሁለት ይከፍለዋል። ለአራት ይከፍለዋል። ይወቅጠዋል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ደግሞ ማኪና ይዞ በር የሚያንኳኳ የለም።

ሐኪሙ ያዘዘው ነጩን ነው። በቀን ሦስቴ፣ ቀትርን ጨምሮ። ቢወቀጥም ግድ የለም አለ፤ እንደ ትንሹ ሰማያዊ ነው። ፆም የለም። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ግንቦት 1፣ ጧት

ቤት ገባን። አባባ ነጩን ይወስዳል፣ በሩን ዘግቶ። ምሳ ይበላል፣ መጋረጃውን ጋርዶ። ሱቅ አልሄድም ይላል። ሰው ምን ይለኛል። ደረቱ ደህና ነው፣ ሸጋ ይተነፍሳል፣ አንገቱ ግን ተሰብሯል። ፆሙን ማጣቱ እንጂ እስትንፋሱን ማትረፉ አይታየውም።

አክስቴ በየቀኑ አንድ ድሃ ታበላለች፣ በሱ ስም። እሱ ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ያዳምጣል።

ግንቦት 3፣ ማታ

አቶ ተስፋዬ አሁንም ፒያሳ፣ ሆቴል ነው፣ ቤንዚን እየጠበቀ። በእኛ ምክንያት። ነገ መልሴን ሊሰማ ይመጣል።

ምን ልበለው? አባባን በእቅፉ የተሸከመ ሰው ነው። እምቢ ብለው ውለታ በላ እባላለሁ፣ እኔም ራሴን እንዲያ ብዬ እጠራለሁ። እሺ ብለው አያ በላይን እጎዳለሁ። ለአባባ ነገርኩት። ውለታ ከባድ ነገር ነው አለ ብቻ፣ ዞሮ ተኛ።

ግንቦት 4፣ ማታ 12፡15

ቶሎ ልጻፈው፣ ሊመሽ ነው።

ከረፋዱ አያ በላይ መጣ። ነጩን ከባንኮኒው ሥር አወጣሁ፣ ካርቶኑን አነሣሁ፣ ከፊት አደረግኩት። የዚያን ቀንም ነበረ፣ ሰው ፈርቼ ነው የለም ያልኩህ አልኩት። አየኝ። ነጩን ግን አልነካውም፤ ጥርጣሬው እንዳለ ነው። አውቶቡሱ እስኪመለስ ጥግ ተቀመጠ።

ቀትር ላይ አቶ ተስፋዬ ገባ። ክራቫቱን አስሯል፣ ለሥራ ነው። ሱቁ ሙሉ፣ አብዛኛው ፆመኛ፣ ደጁ ላይም ከመስጊድ የሚመለስ ሰው። እ አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ። የታየኝ አባባ በሱ ክንድ ላይ ሆኖ ነው።

ያኔ አባባ በበሩ ገባ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ በትሩን ይዞ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሐጂ፣ ሐጂ። እሱ ቀጥታ ወደ ባንኮኒው። ውሃ ስጪኝ አለኝ።

ውሃ? በቀትር? በረመዳን? ሰጠሁት። ከነጩ አንድ አወጣ። ከኪሱ የማር ብልቃጥና ማንኪያ። በማንኪያው ጀርባ እዚያው ባንኮኒው ላይ አደቀቀው፣ ለወሰው፣ ላሰው። ውሃውን ጠጣ። እስከ ታች ድረስ፣ ሳይቸኩል፣ ሁሉም እያየው። ስልሳ ምናምን ረመዳን የፆመ ሰው።

ከዚያ ነው የተናገረው፤ ይህን እንደ ቃሉ ልጻፈው። «እኔ ታማሚ ነኝ። አላህ ፈቅዶልኛል፣ እኔ ነኝ ያልፈቀድኩ። ይህ ነጩ ነው፣ በዚህ ነው የምተነፍሰው።» ወደ አቶ ተስፋዬ ዞረ። «ልጄ፣ የተሸከምከኝ አንተ ነህ፣ ኩባንያህ አይደለም። ለአንተ ቤቴ ክፍት ነው። ለኩባንያህ ግን ልጄ እምቢ ትላለች።»

እምቢ አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፣ ግን ወጣ።

አቶ ተስፋዬ ቦርሳውን ዘጋ። ጠይቄያለሁ፣ አልተቀበሉም ብሎ ይጽፋል፤ የትንሹም መምጣት ይቆማል፣ እሱ ሊያስቀረው አይችልም። ያዘነ ይመስላል፣ የቀለለውም ይመስላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የምታፈጥሩት በስንት ሰዓት ነው አለኝ።

አያ በላይ ከጥግ ተነሣ። ነጩን አለ። የወሩን። ለሐጂ የሆነ ለእኔ ምን ያንሰኛል። አወቃቀጡን አሳየሁት፣ ለሁለት እንዳይከፍል፣ ቀን እንዳይዘልል ነገርኩት። አሁን የሚዘልበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ተቆረጠ። ሰማያዊው ከእንግዲህ አይመጣልንም። ይቅር። አባባን ላቆመበት ዘመን ሁሉ አመሰግነዋለሁ፣ ከልቤ ነው። ነጩ ከፊት ይቀመጣል። ሌላ ወኪል ሌላ ስጦታ ይዞ ቢመጣም እዚያው ይቀመጣል።

አሁን ቤት ነኝ፣ ከጓዳ ነው የምጽፈው። እንግዳው መጥቷል። አባባ ከአጠገቡ አስቀምጦታል። ተምሩ ፊታቸው፣ ውሃው ፊታቸው። ሁለቱም አልፆሙም፤ አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ታማሚ። ሁለቱም ግን እጃቸውን ሰብስበው፣ ውሃውን ሳይነኩ፣ ከእኛ ጋር አዛኑን ይጠብቃሉ። አባባ የሆነ ነገር ነገረው፣ ሣቁ። አክስቴ እየጠራችኝ ነው። አላህ ሆይ፣ በዚህች ቤት ላይ ያደረግከውን ሁሉ ዛሬ ልቁጠር ብል

አዛን።